ያረጀ የፋይበር ጀልባ በተመጣጣኝ ዋጋ ኢንሹራንስ የሚገባለት የት ነው? (ሐዋሳ)

ባለ ጀልባው፣ ሐዋሳ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እባካችሁ የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ።

ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ጀልባ አለኝ። የምሠራው ፍቅር ሐይቅ በኩል ነው። ስምንት ሰው እጭናለሁ። ጉማሬ ወዳለበት ዳርቻ ወስጄ፣ ትንሽ ቆም ብለን አይተን እመልሳለሁ። ጀልባው ፋይበር ነው፤ ሞተሩ ያማሃ 40። አባቴ ነው የገዛው። ሲገዛው ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። አሁን የራሴ ልጅ ሁለተኛ ክፍል ነች። ጀልባው 26 ዓመት አልፎታል ማለት ነው። አባቴ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ የሚኖረው በዚህ ጀልባ ነው።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሚያዝያ ነው። ሌሊት ንፋስ ተነሳ። ሐይቃችንን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት መስታወት ይመስላል፣ ከሰዓት በኋላ ይቆጣል። ሌሊት እንደዚያ ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ አላየሁም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስደርስ የፊተኛው ገመድ ተበጥሷል። ጀልባው ሌሊቱን ሙሉ ከድንጋዩ ጋር ሲላተም አድሯል። በግራ ጎኑ ክንድ የሚያህል ስንጥቅ ወጥቶበታል፤ ውስጡ እስከ ጉልበቴ ውኃ ሞልቷል። ሞተሩን ማታ ማታ ፈትቼ ቤት ስለማስገባ እሱ ተርፏል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥገናው 48,000 ብር ፈጀ። የዕቁብ ብሬን ነው ያወጣሁት። ያ ብር ለሌላ ነገር የታሰበ ነበር።

አሁን ደግሞ አንድ ሆቴል ጥሩ ሥራ አቀረበልኝ። እንግዶቹን በቋሚነት እንዳንሸራሽርለት ነው። ውል ለመፈራረም ግን የኢንሹራንስ ወረቀት አምጣ አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልከፋኝም።

ሦስት ኩባንያ ሄድኩ። የመጀመሪያው ጋ የነበረችው ልጅ በጣም ትሁት ነበረች። ግን የጀልባ ቅጽ የላትም። የመኪና ቅጽ አወጣች፤ "ተሽከርካሪ" የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዛ "ጀልባ" ብላ ጻፈችበት። ሻንሲ ቁጥር የሚለው ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ቆምን። ቅጹን ይዛ ወደ ኃላፊዋ ገባች፤ ከ15 ዓመት በላይ የሆነ አንቀበልም ብለዋል ብላ ተመለሰች። ሁለተኛው ጀልባውን ሞተሩን ጨምሮ 700,000 ብር ገምቶ፣ ለሙሉ ሽፋን በዓመት 58,000 ብር ክፈል አለኝ። በዚያ ላይ በእያንዳንዱ አደጋ የመጀመሪያውን 50,000 ብር እኔ ነኝ የምችለው። ያለፈው ስንጥቅ እንኳ በዚህ ሒሳብ ምንም አይከፈለኝም ነበር። ሦስተኛው እንደውልልሃለን ብሎ ይኸው ወር ሆነው።

58,000 ብር አልችልም። ያለ ኢንሹራንስ መሥራትም ሰልችቶኛል፤ ማታ ንፋስ በሰማሁ ቁጥር እየተነሳሁ ነው። ሦስተኛ ወገን ብቻ እንደ መኪና ይቻላል? ለአሮጌ ጀልባ የተሻለ ዋጋ ያገኘ ሰው አለ?

---

አሞራ ገደል

ወንድሜ እኔም እዚሁ ነኝ፤ ዓሣ ነው የምሠራው። ከሁለት ዓመት በፊት ሞክሬ ትቼዋለሁ። ቆሮሶና አምባዛ ለሚያወጣ የእንጨት ጀልባ ማንም ዋጋ አይሰጥም። እዚህ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ያለነው አብዛኞቻችን ምንም የለንም። አንዳችን ላይ ሲደርስ እናዋጣለን፣ በቃ። መረብ የተቆረጠበት፣ ጀልባ የሰጠመበት፣ እንደዚያ ነው የተነሣው። አንተ ግን ሰው ትጭናለህ። የሰው ነገር በመዋጮ አይሆንም። ካገኘህ እዚሁ ጻፍልን፤ ብዙ ሰው ይጠብቅሃል።

---

የአዳማው ጡረተኛ

ልጄ፣ 22 ዓመት ኢንሹራንስ ውስጥ ሠርቼ ነው የወጣሁት። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ካሳ ክፍል ነበርኩ፤ ስለዚህ ሰው ሲከፈለውም ሲከለከልም አይቻለሁ። ጊዜ ስላለኝ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልህ።

መጀመሪያ የጠየቅኸውን ልመልስ። መኪና ላይ ሦስተኛ ወገን ግዴታ የሆነው በአዋጅ ነው። አዋጁ የሚያወራው ስለ ተሽከርካሪ ነው። ጀልባ እዚያ ውስጥ የለም። ስለዚህ ተመኑ የታወቀ፣ ገብተህ ከፍለህ ተለጣፊውን ይዘህ የምትወጣው ዓይነት ነገር አትጠብቅ። በድርድር የሚገኝ ነው።

ለምን ተወደደብህ? እኛ ሀገር የባሕር መድን ሲባል በብዛት ከጅቡቲ የሚገባ ዕቃ ማለት ነው። ቅርንጫፍ ላይ ያለው ሠራተኛ ሐይቅ ላይ ስለሚሠራ ጀልባ የሚያውቀው ጥቂት ነው። የማያውቀውን ነገር ሰው ወይ እምቢ ይላል፣ ወይ ከፍ አድርጎ ይጠራል። የጀልባህ ዕድሜ ብቻ አይደለም ችግሩ። ስለ ጀልባህ የሚናገር አንድም ወረቀት ይዘህ አልሄድክም።

አሁን ዋናው ነገር። አንተ "ኢንሹራንስ" ብለህ በአንድ ላይ የጠየቅኸው አራት የተለያየ ነገር ነው። ለያይተህ ጠይቅ።

አንደኛው የጀልባው አካልና ሞተሩ ነው። ውዱ ይሄ ነው። ሁለተኛው ተጠያቂነት ነው፤ በአንተ ጥፋት ሌላ ሰው ወይም የሌላ ሰው ንብረት ሲጎዳ። ሦስተኛው የተሳፋሪዎች የግል አደጋ መድን ነው፤ ጥፋተኛው ማንም ይሁን ማን፣ ለሞት ይህን ያህል፣ ለአካል ጉዳት ይህን ያህል፣ ለሕክምና ይህን ያህል ተብሎ በነፍስ ወከፍ ይገባል። ይህኛው በየኩባንያው ያለ የተለመደ ነገር ነው፤ ለትምህርት ቤት፣ ለስፖርት ቡድን፣ ለጉዞ ይሸጡታል። ጀልባው 5 ዓመት ይሁን 26፣ የሰው ነፍስ ዋጋ ስለማይለወጥ ከአካሉ መድን ይልቅ በቀላሉ ይሰጡሃል። አራተኛው ነጂ ከቀጠርክ የእሱ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሠራተኛህ በሥራ ላይ እያለ ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ቢደርስበት የአምስት ዓመት ደመወዙን የሚያህል ካሳ አለበት። ይህን ከኪስህ ልትከፍል አትችልም።

ያረጀ ንብረት ያለው ሰው ሁልጊዜ የሚሳሳተው ንብረቱን ለማዳን ሲል ሰዎቹን ሳያስገባ መቅረቱ ነው። የ700,000 ብር ጀልባ ቢሰምጥም ሠርተህ ትመልሰዋለህ። ስምንት ቤተሰብ ግን አትመልስም። ስለዚህ ከታች ጀምር። ተሳፋሪውን፣ ነጂውንና ተጠያቂነቱን መጀመሪያ አስገባ። ከተረፈህ ወደ ጀልባው ትመጣለህ።

ለጀልባው አካል ደግሞ ሙሉ ሽፋን አትጠይቅ። ጨርሶ ከጠፋ ብቻ የሚከፍል ጠይቅ። ቢሰምጥም፣ ቢቃጠልም፣ ከጥቅም ውጭ ቢሆንም ይከፍላሉ፤ ስንጥቁንና ጭረቱን አንተ ትችላለህ። አረቦኑ፣ ማለትም ለኩባንያው በየዓመቱ የምትከፍለው፣ በጣም ይወርዳል።

አንድ ወጥመድ አለ። አረቦን ለመቀነስ ብለህ የ700,000 ብሩን ጀልባ በ350,000 አታስገባው። ከዋጋው በግማሽ ያስገባ ሰው ጉዳቱም በግማሽ ነው የሚታሰብለት። የ80,000 ብር ጉዳት ቢደርስ 40,000፣ ከዚያ ላይ ደግሞ ያንተ ድርሻ ይቀነሳል። ካሳ ክፍል ሆኜ ሰው ያለቀሰብኝ በዚህ ነው። በውላቸው ላይ ተጽፏል፤ ግን ማንም አያነብበውም።

እርጅናና መበስበስ በየትኛውም ኩባንያ አይሸፈንም። ንፋስ መትቶት ቢሰምጥም፣ ቀድሞ በስብሶ ነበር የሚል ባለሙያ ከተገኘ ክርክር ውስጥ ትገባለህ። ስለዚህ ሳትገባ በፊት የሚያውቅ ሰው ይመርምረውና በጽሑፍ ይስጥህ። ሞተሩን ማታ ማታ ቤት ማስገባትህን በማመልከቻው ላይ አስጽፈው፤ ለዋጋ ይጠቅምሃል። ጀልባው ላይ አድሮ የተሰረቀ ሞተር ግን ላይከፈልህ ይችላል።

ደግሞም ሦስት ላይ አትቁም። ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ የግሎቹ ተፈቅደው ብዙ ኩባንያ አለ፤ ፈቃድ ያላቸውን ብሔራዊ ባንክ ያወጣቸዋል። ወይም ፈቃድ ያለው ብሮከር፣ ማለትም ካንተና ከኩባንያዎቹ መካከል ሆኖ የሚያገናኝ ሰው፣ ያዝ። የብሮከሩን ኮሚሽን የሚከፍለው ኩባንያው ነው፤ ካንተ አይጠየቅም። ቅርንጫፉ ካልገባው እሱ በቀጥታ ዋና መሥሪያ ቤት ያወራልሃል።

---

ፈጣኑ

ብሮ ብዙ አትጨናነቅ። ጀልባው 12 ዓመቱ ነው በላቸው። ሻንሲ የለው፣ ምን ያውቃሉ? ስንጥቁም ተጠግኗል፣ ቀለም ተቀብቷል፤ ዝም በል። የኔ አጎት ሲኖትራኩን እንዲህ ነው ያስገባው።

---

የአዳማው ጡረተኛ

ፈጣኑ ወንድሜ፣ ለመርዳት ብለህ መሆኑ ይገባኛል። ግን ይሄ ምክር ሰው ቤት ያፈርሳል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን ግልጽ ነው። መድን ገቢው የሚያውቀውን፣ ለኩባንያው ውሳኔ ለውጥ የሚያመጣውን ነገር መናገር አለበት። ሆን ብሎ ከደበቀ ወይም ከዋሸ ውሉ ይፈርሳል። የሚታወቀው መቼ መሰለህ? አረቦን ስትከፍል ማንም አይመረምርህም። የሚመረመረው ካሳ ስትጠይቅ ነው። ያኔ መርማሪው መጥቶ ፋይበሩን ፋቅ ያደርገዋል፤ የድሮው ጥገና ይታያል። ጎረቤት ይጠየቃል። አባቱ መቼ እንደገዛው ሐይቁ ዳር የማያውቅ የለም። ለዓመታት የከፈለው ገንዘብ አብሮ ይሄዳል።

ባለ ጀልባው፣ አንተ ግን ስንጥቁን ራስህ ጻፈው። ቀኑን፣ ምክንያቱን፣ ማን እንደጠገነው፣ ስንት እንደፈጀ። ፎቶ ካለህ አያይዝ። በደንብ የተጠገነ ጉዳት የተነገረው ኩባንያ ደንበኛውን ያምናል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

---

ባለ ጀልባው፣ ሐዋሳ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፉልኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለባለቤቴም አነበብኩላት።

ከታች ጀምር ያሉኝ ነገር ልቤን ነካው። አንድ ያልጻፍኩት ነገር ነበር። ባለፈው ሐምሌ 19፣ ለገብርኤል ንግሥ ከተማው ሞልቶ በነበረ ጊዜ፣ ቤተሰብ ጭኜ ተመለስኩ። ሲወርዱ ማዕበል ጀልባውን ገፋው። የአንዲት እናት እጅ በጀልባውና በመውረጃው ሲሚንቶ መካከል ቀረ። ቀለበት ጣቷ። ድምፁን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ቀለበቱን ሆስፒታል ውስጥ ቆርጠው ነው ያወጡት። ሕክምናውን 9,000 ብር እኔ ከፈልኩ። ባልየው ጨዋ ሰው ነው፣ "ማዕበል ነው፣ አንተ ምን አደረግክ" አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ሊከሰኝ ይችል ነበር፤ መብቱም ነው።

ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ እሷ ነበር። ኢንሹራንስ ስጠይቅ ግን ያሰብኩት ስለ ጀልባው ነው። እርስዎ እስኪነግሩኝ ድረስ ሁለቱን አላገናኘኋቸውም።

ፈጣኑ፣ አልዋሽም ወንድሜ። ስለ ሐሳብህ ግን አመሰግናለሁ።

አንድ ጥያቄ፦ ጀልባ የሚመረምር ሰው ሐዋሳ ከየት አገኛለሁ?

---

አስጎብኚዋ

ወንድሜ፣ እኔ ሐዋሳና አርባ ምንጭ ቱሪስት ይዤ እሠራለሁ። ከሆቴሎች ጋር ስለምዋዋል አንድ ነገር ልንገርህ። "ኢንሹራንስ አምጣ" ሲሉህ ምን ዓይነት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቃቸው። እኔንም ለመኪናዎቼ እንዲሁ በጥቅሉ አሉኝና ሙሉ ኢንሹራንስ ገብቼ ሄድኩ። በኋላ ውላቸውን ሳየው የሚፈልጉት የተሳፋሪ ሽፋን ነበር። ሆቴሉ የሚፈራው እንግዳው ተጎድቶ እነሱን እንዳይጠይቅ ነው። ያንተ ጀልባ ቢሰምጥም ባይሰምጥም ለእነሱ ጉዳይ አይደለም። በነፍስ ወከፍ ስንት ብር እንደሚፈልጉም ጠይቅ።

እንግዳ ይዤ ጀልባ ስመርጥ እኔ የማየው ሌላ ነው። ላይፍ ጃኬቱ ስንት ነው? የልጅ ልክ አለው? ማሰሪያው ይሠራል ወይስ ለፖሊስ ብቻ ነው የተሰቀለው? አንድ ጊዜ ስምንት ጃኬት ባለው ጀልባ ላይ አምስቱ መቆለፊያ አልነበራቸውም፤ እንግዶቼን አስወርጄ ተመለስኩ። ኩባንያውም ይሄን ያያል ብዬ አስባለሁ።

ለምርመራ፣ መድን ኩባንያዎቹ ራሳቸው የሚልኩት ገማች አለ። ግን የሚያውቀው መኪና ነው። ፋይበር የሚሠሩ ልጆችን ከገማቹ ጋር አብረህ አስጠራ። የውኃ ታንከርና ገንዳ የሚሠሩት ስለ ፋይበር ያውቃሉ።

---

ከሲያትል

ሰላም ወገኖቼ። ያደግኩት ሐዋሳ ነው፤ ፒያሳ አካባቢ። አሁን ሲያትል ነው የምኖረው። ሥራዬ ሌላ ነው፤ ግን ውኃ ስለምወድ ከስድስት ዓመት በፊት አንድ አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ ገዛሁ። ካታሊና 27 ይባላል፤ የ1979 ሥሪት ነው። እዚህ በጣም የተለመደ ጀልባ ነው። የገዛሁት በርካሽ ነው። ኢንሹራንሱ ግን ልክ እንደ አንተ አሰቃየኝ። ሁለት ኩባንያ በዕድሜው ብቻ ስልኩን ዘጉብኝ። ስለዚህ እዚያ ብቻ እንዳይመስልህ፤ እዚህም ያው ነው።

ያለ ኢንሹራንስ ማሪና አያስገቡኝም፤ ጀልባህን የምታስርበት ቦታ አታገኝም። ማሪናው የጠየቀኝ ግን የ300,000 ዶላር ተጠያቂነት ብቻ ነበር። የኔ ጀልባ ቢሰምጥም ግድ የላቸውም፤ የጎረቤቱን እንዳልመታ ነው። ጋሼ ከአዳማ የጻፉት በትክክል ይሄው ነው። ተጠያቂነት ብቻ ገባሁ፤ በዓመት 200 ዶላር አይሞላም።

በሦስተኛው ዓመት ጀልባውንም ለማስገባት አሰብኩ። ያኔ ኩባንያው የባለሙያ ምርመራ አምጣ አለ። 600 ዶላር ከፍዬ ሰውዬው መጣ። ጀልባው ከውኃ ወጥቶ በድጋፍ ላይ ቆሟል። ሰውዬው ትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ አወጣ። ከፊት እስከ ኋላ፣ በየጣት ርቀቱ፣ ቀስ እያለ ጠቅ ጠቅ አደረገው። ሁለት ሰዓት። ደህና ፋይበር ጥርት ያለ ድምፅ አለው። ውስጡ ያለው እንጨት ውኃ ከጠጣ ወይም ንብርብሩ ከተላቀቀ ድምፁ ይደነቁራል፤ ትራስ እንደመምታት ነው። እዚያ ላይ በጠመኔ ክብ ይሠራል። ሲጨርስ ጀልባዬ ላይ አራት ክብ ነበር። ምሰሶውን የያዙትን ሽቦዎችም አየ፤ ዕድሜያቸውን ጠየቀኝ። በሥር በኩል ውኃ የሚያስገቡትን ቫልቮች አንድ በአንድ አዞራቸው፤ ሁለቱ አልዞሩም። ሁለቱን ቀየርኩ፣ ደረሰኙን ላክሁ፣ ኩባንያው ተቀበለኝ።

አንድ ነገር ጠይቃቸው። ጀልባው ጨርሶ ቢጠፋ የሚከፍሉህ በምን ዋጋ ነው? ውል ስትገቡ በተስማማችሁበት ነው ወይስ በአደጋው ቀን በሚገመተው? እዚህ ሁለቱም ዓይነት አለ። ለአሮጌ ጀልባ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። በዕለቱ ዋጋ ከሆነ የእርጅና ቅናሽ ይመጣና እጅህ ላይ የሚቀረው ትንሽ ነው።

መዶሻው ላይ ግን አንተም ጀምር። ሰው እስኪመጣ አትጠብቅ። የጎማ መዶሻ ወይም የብረት ሳንቲም ይበቃል። በተለይ ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ሳንቃ። በሞተር ጀልባ ላይ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚበሰብሰው እሱ ነው፤ በብሎኖቹ ቀዳዳ ነው ውኃ የሚገባው።

---

ዝዋይ

እኛ ባቱ ላይ ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ሰው እንጭናለን። አንድ አንድ ሆነን ስንሄድ ማንም አላናገረንም። ስድስት ሆነን ስንሄድ ግን ኃላፊው ራሱ ወጥቶ ቡና ጋበዘን። የተሳፋሪ አደጋውን በአንድ ውል አደረግነው፤ ለየብቻ ከጠሩልን በጣም ቀነሰ። ቅድመ ሁኔታ አለው ግን። ከልክ በላይ አትጭንም፣ ከመሸ አትወጣም፣ ነጂው ፈቃድ ያለው መሆን አለበት፣ ስንት ሰው እንደተሳፈረ መዝገብ ላይ ትጽፋለህ። አንድ ጀልባ ዘጠኝ ሰው ቢጭን፣ አደጋ ከደረሰ ለስምንቱም ላይከፈል ይችላል ብለውናል። ስለዚህ እርስ በርስ እንተያያለን። አሞራ ገደል ያላችሁ ወንድሞችም ተሰባሰቡ።

---

ባለ ጀልባው፣ ሐዋሳ

ወገኖቼ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሆቴሉ ሄድኩ። እህቴ አስጎብኚዋ እንዳለችው በጽሑፍ ጠየቅኳቸው። ልክ ነሽ። የሚፈልጉት የተሳፋሪ አደጋና ተጠያቂነት ነው። ስለ ጀልባው አካል አንድ ቃል የለም። ወር ሙሉ ስጨነቅ የነበረው ባልተጠየቅኩት ነገር ነው።

ቅዳሜ ጀልባውን በስድስት ሰው ጎትተን አወጣነውና በጎማ ላይ አስቀመጥነው። ፋይበር የሚሠራ ልጅ አመጣሁ። ከሲያትል የጻፍክልንን በስልኬ አነበብኩለት፤ የጎማ መዶሻ ይዞ ጀመረ። ጎኑ ጥሩ ነው። በሚያዝያ የተጠገነው ቦታ እንዲያውም ከሌላው ይበልጣል፤ ድምፁ እንደ ሰሐን ነው። ሆዱም ደህና ነው። ወደ ኋላ ሳንቃው ስንደርስ ግን እኔ ራሴ ሰማሁት። ድም፣ ድም። አፌ ደረቀ። የሞተሩን ብሎኖች ፈታን። ከታችኛው ቀዳዳ ጥቁር ውኃ ወረደ። ፋይበሩን ከውስጥ በኩል ስንቆርጠው ጣውላው እንደ ራሰ ድፎ ዳቦ በእጄ ላይ ፈረሰ። ሽታው የረግረግ ነው።

እዚያ ላይ ነው 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር አስሬ ሰው ስጭን የነበረው። መሐል ሐይቅ ላይ ቢገነጠል ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሳስበው ቁጭ አልኩ። ልጁ ውኃ አመጣልኝ።

አዲስ ጣውላ፣ አዲስ ፋይበር፣ አዲስ የማይዝጉ ብሎኖች፤ በየቀዳዳው ዙሪያ ማሸጊያ። 31,000 ብር። ዘጠኝ ቀን ሥራ ፈታሁ። ልጁ የሠራውን በወረቀት ጽፎ ፈረመልኝ፤ ፎቶውንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነሣሁት። የበሰበሰውን ጣውላ ሳይቀር።

ብሮከር ያዝኩ። ጋሼ እንዳሉት አንድ ብር አልጠየቀኝም። ፎቶዎቹን፣ የጥገና ወረቀቱን፣ የሚያዝያውንም ታሪክ ሁሉንም ሰጠሁት። አራት ኩባንያ ጠየቀ፤ ሁለቱ መለሱ። ለስምንት ተሳፋሪና ለነጂው የግል አደጋ፣ ከተጠያቂነት ጋር፣ በዓመት 11,400 ብር። የተቀበለው ኩባንያ ገማች ላከ። ሰውዬው ጀልባ ገምቶ እንደማያውቅ በግልጽ ነገረኝ፤ ግን ፎቶውን አንድ በአንድ አየው፣ በመዶሻውም ራሱ ሞከረ። ላይፍ ጃኬቶቹን ቆጠረ። ሁለት የልጅ ልክ ጨምሬ ነበር፤ እነሱንም ጻፈ።

ለጀልባው ደግሞ ጨርሶ ከጠፋ ብቻ የሚከፍል፣ በሙሉ ዋጋው፣ 13,500 ብር አሉኝ። ዋጋው በስምምነት ይሁን ብዬ ጠየቅኩ። አልተቀበሉም፤ በዕለቱ ግምት ነው አሉ። ስለዚህ እሱን ለጊዜው ተውኩት። የክረምቱ ሥራ ካለፈ በኋላ ለታኅሣሥ ገብርኤል ተመልሼ አየዋለሁ። እስከዚያ ገመዱን ሁለት አድርጌያለሁ፤ በድንጋዩ በኩል አሮጌ የመኪና ጎማ ደርድሬአለሁ።

ውሉ የሚጀምረው የፊታችን ሰኞ ነው። ከሆቴሉ ጋር ማክሰኞ እፈራረማለሁ።

ወንድሜ ዝዋይ፣ ያልከውን ለልጆቹ አነበብኩላቸው። አምስት ባለ ጀልባዎች ፈቃደኛ ሆነዋል። አሞራ ገደል፣ አንተንም እንፈልግሃለን፤ የዓሣ ጀልባ ላይ ለሚሠሩት ሰዎች የግል አደጋ ይቻላል ብሎኛል ብሮከሩ። እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ዓሣ ገበያው በር ላይ፣ ሾርባ የምትሸጠዋ ሴትዮ ጋ። ቅጹን ኮፒ አድርጌ አመጣለሁ።